ወዳጅነት የመሣሪያ ፈቃድ አይሆንም

አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ የሚኖር ሰው በሕግ የገዛው ሽጉጥ አለው እንበል። ልጆች ወልዷልና ከቤት ቢወጣለት ይወዳል። ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው ሚዜው ደግሞ ሌሊት ሱቅ ስለሚሠራ «እባክህ ለእኔ ሽጥልኝ» ይለዋል። ከአንዱ ቤት አንዱ ቤት በመኪና ሩቅ አይደለም። የሚተዋወቁ፣ የሚከባበሩ ሰዎች ናቸው። እንግዲህ ገንዘቡን ተቀብሎ ሽጉጡን እጅ በእጅ ቢያስረክበው፣ ሁለቱም የፌዴራል ወንጀል ፈጸሙ ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1968 የወጣው የአሜሪካ የጦር መሣሪያ ቁጥጥር ሕግ፣ የንግድ ፈቃድ የሌለው ሰው በሌላ ስቴት ለሚኖር ፈቃድ አልባ ሰው መሣሪያ እንዳይሸጥ፣ እንዳይለውጥ፣ በስጦታም እንዳይሰጥ ይከለክላል። ለወንድም ቢሆንም ያው ነው። በውርስ የሚተላለፍና ለአደንና ለመሰል ስፖርት ለጊዜው የሚዋስ መሣሪያ ግን ከዚህ ክልከላ ውጭ ነው። እያወቀ ሕጉን የጣሰ ሰው እስከ 5 ዓመት ሊታሰር ይችላል። ዜግነት ላላገኘ ወገናችን ጣጣው ከእስርም ያልፋል፤ በመሣሪያ ወንጀል የተፈረደበት ሰው ግሪን ካርድ ቢኖረውም ከአገር ሊባረር ይችላል።

ስለዚህ የምትሸጡ ሁሉ ፈቃድ ባለው ነጋዴ በኩል ሽጡ። መንገዱ ይህ ነው፦ ገዥው በሚኖርበት ስቴት ፈቃድ ያለው የመሣሪያ ነጋዴ ይመርጣል፤ ነጋዴው ለመቀበል ፈቃደኛ መሆኑንና የአገልግሎቱን ክፍያ ቀድሞ ይጠይቃል። ሻጩም ሽጉጡን በአካባቢው ላለ ነጋዴ ይሰጥና ነጋዴ ለነጋዴ ይላላካሉ። ጠመንጃ ከሆነ ሕጉ ትንሽ ይላላል፤ የሁለቱም ስቴት ሕግ እስከፈቀደ ድረስ ርክክቡ በሌላ ስቴት ባለ ነጋዴ ፊትም ሊሆን ይችላል። የስቴቶች ሕግ አንድ አይደለምና አስቀድማችሁ ጠይቁ። ሜሪላንድ ለምሳሌ ሽጉጥ ገዥውን ሌላ የብቃት ፈቃድ ትጠይቃለች።

«በካርቶን አሽጌ በፖስታ ብልከውስ?» የሚል አይጠፋም። እ.ኤ.አ. በ1927 የወጣው ሕግ ግለሰብ ሽጉጥ በፖስታ እንዳይልክ ከልክሏል። ዩፒኤስና ፌዴክስም ቢሆኑ መሣሪያ የሚቀበሉት ውል ካላቸው ፈቃድ ያላቸው ነጋዴዎች ነው። ጥቅሉ ላይ «የመኪና ዕቃ» ብሎ ጽፎ መላክ በጥፋት ላይ ጥፋት መጨመር ነው።

በነጋዴው ባንኮኒ ላይ የሚሆነውን ልብ በሉ። ገዥው ራሱ ቀርቦ መታወቂያውን ያሳያል፤ ፎርም 4473 ይሞላል። የመሣሪያው እውነተኛ ገዥ እሱ መሆኑን፣ ከባድ ወንጀል ተፈርዶበት እንደሆነ፣ በቤተሰብ ላይ በፈጸመው ጥቃት ተቀጥቶ እንደሆነ፣ የመኖሪያ ፈቃዱ ምን እንደሆነ ይጠየቃል፤ መልሱንም በፊርማው ያረጋግጣል። ከዚያ ባክግራውንድ ቼክ ይደረጋል። ካለፈ የመሣሪያው መለያ ቁጥር በነጋዴው መዝገብ ከስሙ ጋር ይሰፍራል። እኛ ስለ ወዳጃችን የምናውቀው እሱ የነገረንን ያህል ነው። ፍርድ ቤት የጣለበትን እገዳ ለቡና ጓደኛው የሚያወራ ስንት ሰው አለ?

መዝገቡ ለሻጩም ጋሻ ነው። አንድ ሽጉጥ ወንጀል በተፈጸመበት ቦታ ሲገኝ፣ መርማሪዎች መለያ ቁጥሩን ይዘው ከፋብሪካው ተነስተው እስከ መጀመሪያው ገዥ ይደርሳሉ። ያን ቀን የሚንኳኳው የእናንተ በር ነው። «ለጓደኛዬ ሸጥኩት» ብትሉ ለአንድ ጥያቄ መልስ ስትሰጡ በሌላ ወንጀል በራሳችሁ ላይ መሰከራችሁ።

በማኅበረሰባችን ነጋዴ ይግባበት ማለት «አላመንኩህም» እንደማለት ይቆጠርና ይሉኝታ ይይዘናል። ይሉኝታውን ለሌላ ጉዳይ አቆዩት። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና፣ ዋጋ ከመነጋገራችሁ በፊት «አንተ አካባቢ ያለ ነጋዴ ፈልግና ስልኩን ስጠኝ» በሉት። እሺ ካለ ግብይቱ ንጹሕ ነው። እምቢ ካለ ሽጉጡን አትስጡት፤ ለምን እምቢ እንዳለ ማወቅም አያስፈልጋችሁም።