ዕድሳት ወይስ ለውጥ? ስለ አንድ አሮጌ የጨዋታ ማሽን

አንድ ነገር ሲያረጅ በባለቤቱ ፊት ሁለት መንገዶች ይቀርባሉ። አንደኛው ነገሩን ወደ ጥንት መልኩ መመለስ ነው፤ ሁለተኛው ለዛሬ ፍላጎት እንዲስማማ አድርጎ መለወጥ። ጥያቄው የቤተ መንግሥትና የቤተ መቅደስ ጥያቄ ብቻ ሆኖ ይታሰብ ይሆናል። በእኛ መካከል ግን፣ በዚህ በአትላንታ ከተማ፣ ከእነዚያ እጅግ ያነሰ ዕቃ አስነሥቶት ሦስት ስብሰባ ፈጀ፤ ወዳጅን ከወዳጅ ሊያቀያይምም ጥቂት ቀረው። ዕቃው በሳንቲም የሚሠራ አሮጌ የቪዲዮ ጨዋታ ማሽን ነው። ክርክሩን ለአንባብያን የምናቀርበው፣ ላለፈው ዘመን ያለብን ግዴታ እስከ ምን እንደሚደርስ በዚህ ትንሽ ዕቃ ላይ በግልጽ ስለታየን ነው።

አንድ ወገናችን በዲካልብ ካውንቲ የነበረውን ግሮሰሪ ሲዘጋ፣ በጓዳው ለዓመታት ተሸፍኖ የቆየውን ይህን ማሽን ለማኅበራችን ሰጠ። ቁመቱ ከሰው የሚስተካከል የእንጨት ሣጥን ነው። በውስጡ ባለ ቱቦ ስክሪን፣ የኤሌክትሮኒክ ሰሌዳና የሳንቲም ማጠራቀሚያ አለ፤ ኤሌክትሪክ ሲያገኝ ያጉረመርማል እንጂ ሥዕል አያወጣም። በጎኑ የተለጠፈው ሥዕል ዩኒቨርሳል የተባለው የጃፓን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1982 ያወጣውን «ሚስተር ዱ!» የተሰኘ ጨዋታ ያሳያል፤ አንድ የሰርከስ ቀልደኛ መሬት እየቆፈረ ቼሪ ይለቅማል፣ ጭራቆችም ያሳድዱታል። ነገር ግን ሥዕሉ በተላጠበት በኩል ከሥሩ ሌላ ቀለም ይታያል። ይኸውም ናምኮ እ.ኤ.አ. በ1979 የፈጠረው፣ በአሜሪካ ሚድዌይ ያከፋፈለው «ጋላክሲያን» የተባለው የጠፈር ውጊያ ነው። እንግዲህ ማሽኑ ወደ እኛ ከመድረሱ በፊት አንድ ጊዜ ተለውጧል ማለት ነው። በዚያን ዘመን ይህ የታወቀ ንግድ ነበር፤ አንድ ጨዋታ ሳንቲም ማምጣት ሲያቆም ባለቤቱ እንጨቱንና ስክሪኑን አስቀርቶ ሰሌዳውንና ሥዕሉን ብቻ ይቀይር ነበር። «ሚስተር ዱ!» ራሱም ለእንዲህ ያለው ቅየራ ታስበው ከተሸጡት ቀደምት ጨዋታዎች አንዱ ነው።

በማሽኑ ቀኝ ጎን፣ በሁለተኛው ሥዕል ላይ፣ በምስማር ወይም በቁልፍ ጫፍ የተጫረ ጽሑፍ አለ፤ «ተ. ገ. 1977» ይላል። ፊደሉ የእኛ ነው። ዓመቱም የእኛ መሆን አለበት፤ በፈረንጆች 1977 ይህ ሣጥን ገና አልተሠራም ነበርና። የጻፈው ሰው በአትላንታ ቆሞ ዘመኑን በአገሩ ቆጠራ የሚቆጥር ሰው ነበር። ማንነቱን ጠይቀን የሚያውቀው አላገኘንም። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1980 የቀድሞው የጆርጂያ አገረ ገዥ ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተር የስደተኞችን ሕግ ከፈረሙ በኋላ፣ ከሱዳን መጠለያዎች ወደ አሜሪካ ከተሞች ከመጡት ወገኖቻችን አንዱ ሳይሆን እንዳልቀረ እንገምታለን። ሰባ ሰባት ደግሞ ለኢትዮጵያዊ ጆሮ ተራ ቁጥር አይደለም፤ ወሎና ትግራይ በረሃብ የረገፉበት ዓመት ነው። ሰውየው ይህን ሲጭር ምን ያስብ እንደነበር አናውቅም፤ ምናልባትም ምንም አላሰበም። ሆኖም ያችን የሥራ ማብቂያ ሰዓት በዚህ ሣጥን ፊት ቆሞ ማሳለፉን የሚመሰክር ሌላ ጽሑፍ በምድር ላይ የለም።

ክርክሩ በሁለት ወገን ተከፈለ። የመጀመሪያው ወገን ማሽኑ ከፋብሪካ በወጣበት መልኩ ይታደስ አለ፤ ሁለተኛው ሥዕል ይላጥ፣ እንጨቱ ይፋቅ፣ የጋላክሲያን ቀለም በአዲስ ይቀባ፣ የመጀመሪያው ዓይነት ሰሌዳ ተፈልጎ ይግባ። ምክንያታቸው ቀላል አይደለም። የሥራ ውጤት የሠሪው ቃል ነው፤ የኋላ ነጋዴ ለትርፍ ሲል የሸፈነውን መግለጥ ለሠሪው ፍትሕ መስጠት ነው፤ በየጓዳው ያሉት እንዲህ ያሉ ሣጥኖችም ከዓመት ዓመት እያነሱ ነው አሉ።

ሁለተኛው ወገን ይለወጥ አለ። የተበላሸው ስክሪንና ሰሌዳ ይውጣ፣ ቀጭን ስክሪንና ትንሽ ኮምፒውተር ይግባበት፤ እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣው «ሜም» የተሰኘው ፕሮግራም አያሌ አሮጌ ጨዋታዎችን በአንድ ሣጥን ያጫውታል፤ ቅዳሜ ቅዳሜ አማርኛ ሊማሩ የሚመጡት ልጆችም የሚወዱት ነገር ያገኛሉ አለ። የዚህ ወገን ክርክር ከአገር ቤት ሥር ያለው ነው። በመርካቶ ምናለሽ ተራ የዘይት በርሜል ምድጃ ይሆናል፤ ያለቀ የመኪና ጎማ በረባሶ ሆኖ ገበሬውንና ወታደሩን አገልግሏል። ድሃ ሕዝብ ዕቃን የሚያከብረው በመስታወት ውስጥ አስቀምጦ ሳይሆን እንደገና ሥራ ሰጥቶ ነው፤ «እንደ ጥንቱ ይሁን» ማለት የሞላለት ሰው ቅንጦት ነው አሉን። በጨዋታው ዓለምም ምስክር አላጡም። ኒንቴንዶ እ.ኤ.አ. በ1980 የሠራው «ራዳር ስኮፕ» በአሜሪካ ገበያ ሳይሸጥ ሲቀር፣ ሁለት ሺህ ያህሉ ሣጥኖች በ1981 ተለውጠው «ዶንኪ ኮንግ» ሆኑ፤ ኩባንያውን በአሜሪካ ያቆመው ያ ለውጥ ነው። ማንም ያንን ለውጥ ጥፋት ነው ሊል አይችልም።

ሁለቱንም ወገኖች በጥሞና ሰማን። ለአድሾቹ ያቀረብነው ጥያቄ «ወደ የትኛው ዓመት?» የሚል ነበር። እድሳት ያለፈውን ሁሉ መመለስ አይችልም፤ አንዱን ዓመት መርጦ ሌሎቹን ይሰርዛል። በዚሁ በከተማችን በኦበርን ጎዳና የሚገኘው የኤቤኔዘር ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን ታድሶ እ.ኤ.አ. በ2011 ሲከፈት፣ የተመረጠው ዘመን ማርቲን ሉተር ኪንግ ከአባታቸው ጋር ካገለገሉበት ከ1960 እስከ 1968 ያለው ነው። ምርጫው ምክንያት ያለውና በይፋ የተነገረ ነው። ይሁንና እናታቸው አልበርታ ኪንግ በዚያው ቤተ ክርስቲያን ኦርጋን ሲጫወቱ በጥይት የተገደሉት በሰኔ 1974 ነበር፤ የተመረጠው ዘመን ያንን ቀን አይጨምርም። በእኛም ማሽን 1979ን የመረጠ ሰው፣ ወደደም ጠላም፣ ተ. ገ.ን በብርጭቆ ወረቀት ይፍቃል። የእድሳት አደጋ ሌላም አለው። በጎንደር የፋሲል ግቢን ጣሊያኖች በወረራቸው ዘመን «ሲያድሱ» በኖራ የተገነባውን ግንብ በሲሚንቶ ደፈኑት፤ ሲሚንቶው እርጥበት አፍኖ ስለሚጎዳ የኋላ ጠጋኞች እሱን እያነሡ በኖራ መተካት ግድ ሆነባቸው። አሳምራለሁ ያለ እጅ ካረጀው ዘመን ይልቅ የጎዳበት ጊዜ አለ ማለት ነው።

ለለዋጮቹ ያቀረብነው ጥያቄ ደግሞ «ብትሳሳቱ መመለሻው ምንድን ነው?» የሚል ነው። በርሜሉ ምድጃ ሲሆን ሌላ በርሜል ሞልቷል፤ ራዳር ስኮፕም በመጋዘን የተከመረ ሸቀጥ ነበር። ባለ ቱቦውን ስክሪን ግን ትላልቆቹ ፋብሪካዎች መሥራት ካቆሙ ቆይቷል፤ የወጣ ቱቦ ብዙውን ጊዜ ወደ ቆሻሻ መጣያ ይሄዳል። ተ. ገ.ም አንድ ብቻ ነው። ብዙ ያለውን ነገር መለወጥ ብልኅነት ነው፤ አንድ ብቻ ያለውን መለወጥ ግን ገና ባልተወለዱት ላይ መፍረድ ይሆናል። ልጆቹ የሚፈልጉት አያሌ ጨዋታ በማንኛውም ኮምፒውተር ይገኛል፤ ለእሱ ሲባል የዚህ ሣጥን ሆድ መዘርገፍ የለበትም።

እዚህ ላይ ከመካከላችን አንዱ «የምትከራከሩት ስለ ማሽኑ ነውን?» ሲል ጠየቀ። አልተሳሳተም። ስደተኛ ሁሉ ከአገሩ አንድ ዓመት ይዞ ይወጣል። ከ1966 ዓ.ም. በፊት የወጣው አገሪቱ ወደዚያ እንድትታደስ ይሻል፤ በ1970 ዓ.ም. ከቀይ ሽብር ያመለጠው የጓደኞቹ ተስፋ ካለበት ዓመት አይነቃነቅም፤ በ1983 ዓ.ም. የወጣው ሌላ ዓመት ይዟል። በአንድ የክላርክስተን አፓርትመንት ውስጥ ሦስት ኢትዮጵያዎች ጎን ለጎን ይኖራሉ፤ እያንዳንዱም የሌላውን ዓመት ሊፍቅ የብርጭቆ ወረቀት ይዞ ተቀምጧል። በሌላ በኩል አሮጌውን ሁሉ አውጥቶ በአሮጌው እንጨት ውስጥ አዲስ ሰሌዳ መግጠም የሚቻል የመሰላቸው ነበሩ። በእነርሱ እጅ ተነቅሎ የወጣው ግን ሰሌዳ ሳይሆን ሰው ነበር። አገርን ከጨዋታ ሣጥን ጋር ማስተካከላችን አይደለም፤ በሣጥኑ ላይ የምንለምደው ጠባይ በአገሩ ላይ የምናሳየው ጠባይ ነው እንላለን እንጂ።

ታዲያ ከሁለቱ መንገዶች ሌላ የለምን? ቋንቋችን ከማደስና ከመለወጥ ሌላ ሦስተኛ ቃል አለው፤ መጠገን። የጠገነ ሰው የነገሩን ዕድሜ አይክድም፤ ጥገናውም ይታያል። እ.ኤ.አ. በ1964 በቬኒስ የተሰበሰቡት የሐውልትና የቅርስ ባለሙያዎች ያወጡት ሰነድ ከዚህ የራቀ አይደለም፤ በአንድ ሕንፃ ላይ የየዘመኑ አሻራ ይከበር፣ የተተካውም ከጥንቱ ተለይቶ ይታወቅ ይላል። በዚህ መሠረት ሦስት ነገር ወሰንን። አንደኛ፣ አንድ ብቻ በሆነው ነገር ላይ የማይመለስ ሥራ አንሠራም፤ ስለዚህ ሁለተኛው ሥዕል እንዳለ ይቆያል፣ ቀለም አይቀባም። ሁለተኛ፣ ማሽኑ መሥራት አለበት፤ የተቃጠሉት የኤሌክትሪክ ክፍሎች በአዲስ ይተካሉ፣ አዲሱም አዲስ ሆኖ ይታይ፤ ልጆችም ይጫወቱበት፣ ከመጫወታቸው የሚመጣውን ጉዳት እንቀበላለን። ሦስተኛ፣ የሠራነውን ሁሉ በወረቀት ጽፈን ከሣጥኑ በር ውስጥ እንለጥፋለን፤ የወጡትንም ዕቃዎች በከረጢት አድርገን ከሣጥኑ ግርጌ እናስቀምጣለን።

ውሳኔው ዋጋ የለውም አንልም። የጋላክሲያን ሥዕል ከሥር ተቀብሮ ይቀራል፤ ሠሪዎቹ ከእኛ ፍትሕ አላገኙም። ከልጆቹም አንዳንዶቹ ሁለት ጊዜ ሞክረው ወደ ስልካቸው ተመለሱ። አንድ ጓዳችን ይህ ለመወሰን የፈሩ ሰዎች ውሳኔ ነው ሲል እስከ ዛሬ ይወቅሰናል። መልሳችን ይህ ነው፤ የማያውቁትን ሰው ጽሑፍ ላለመፋቅ መወሰን ራሱ ውሳኔ ነው፤ ለኋላ ሰዎች የመፍረድን መብት መተውም ፍርሃት አይደለም። ሐሳባችንን ስተን ከሆነ የሚያርመን ሰው ሁሉንም በስፍራው ያገኘዋል።

አሁን ማሽኑ ይሠራል። ስክሪኑ በአንድ ጥጉ ጥቂት ይደበዝዛል። በበሩ ውስጥ የለጠፍነው ወረቀት የሠራነውን በቁጥር ይዘረዝራል፤ ቀኑ በሁለቱም ቆጠራ ተጽፏል፤ ግማሹ ገጽ ከእኛ በኋላ ለሚመጡት ባዶ ተትቷል።