ቻይ ናት

ጅማ ውስጥ ሳይክል የነዳ ሰው ኮብልስቶን ምን እንደሚያደርግ ያውቃል። አንዱ ድንጋይ ምንም አይደለም። ችግሩ ቀጣዩ ነው፤ ከዚያም የሚቀጥለው። ያገለገለች ማውንቴን ባይክ ገዝቼ ከፈረንጅ አራዳ ወደ መርካቶ ስመላለስ መጀመሪያ ላይ ለስለስ ትለኛለች፤ ሁለት መቶ ሜትር ሳልሄድ ግን እጄ ይደነዝዛል። የፊት ሾካብዞርበሩ ሞቷል ብዬ ወሰድኳት።

ሳይክል ጠጋኙ ምንም አልፈታም። ጎንበስ ብሎ በቀኝ በኩል ከታች ያለችውን ቀይ ማዞሪያ አየ። በአንድ ጎኗ ኤሊ፣ በሌላው ጥንቸል ተስሎባታል። "ኤሊ ላይ ጥለኸው ነው" አለኝ። "ይወርዳል፤ ግን ሳይመለስ ሌላ ይመጣበታል።"

ነገሩ እንዲህ ነው። ሞላው ወይም የታመቀው አየር ምቱን ይቀበላል፤ ውስጥ ያለው ዘይት ደግሞ አመላለሱን ይገራል። ዘይት የሌለው ርካሽ ሾካብዞርበር እንደ ተቆጣች በቅሎ መልሶ ይራገጣል። ዘይቱ ከመጠን በላይ ከያዘው ደግሞ እያንዳንዱ ድንጋይ ትንሽ ትንሽ ዝቅ እያደረገው ይሄዳል፤ 100 ሚሊሜትር መውረድ የሚችለው ጥቂት ሚሊሜትር ብቻ ይቀረዋል። ያኔ አንዲት ጠጠር ብረት ከብረት ታጋጫለች። ከዳር ያየ ሰው "በዚች ጠጠር?" ይላል።

እኔም አንድ ቀን "በዚች?" ብያለሁ።

አጋሮ ታላቅ እህት አለችኝ። እናታችን ካረፈች ወዲህ ያሳደገችን እሷ ናት። ዘመድ ሁሉ "ቻይ ናት" ይላታል። ቡና ሲለቀም ለቃሚ ታበላለች፤ ማድረቂያ አልጋው ላይ ሲሰጣ ስታገላብጥ ትውላለች፤ የሁላችንንም ዕዳና ኩርፊያ ሰምታ ሆድ ይፍጀው ብላ ትተኛለች። አንድ እሁድ ቡና አፍልታ ስትቀዳልን "ዛሬ ቀጠነ" አልኳት። ጀበናውን አስቀምጣ ወጣች። እስኪመሽ አልተመለሰችም። እኛም እርስ በርስ ተያየንና "በቡና ቀጠነ?" ተባባልን።

ቻይነትን የምንለካው ሰው ምን ያህል ዝቅ ማለት እንደሚችል አይተን ነው። ተመልሶ መነሳቱን አንጠይቅም። ቋንቋችን ግን መመለሱንም ያውቃል፤ የደከመው ሰው እህል ውሃ ሲቀምስ "ልቤ መለስ አለ" ይላል። የእህቴ ልብ መለስ የሚልበት ጊዜ መቼ ነበር? እንጃ። በሁለት ድንጋይ መካከል ፋታ አልሰጠናትም።

ደግሞ "እገሊት ይህን ሁሉ ችላ የለ? አንቺስ?" የሚባል ነገር አለ። ሾካብዞርበር የሚስተካከለው ግን በሚቀመጥበት ሰው ክብደት ነው። ቱቦው ላይ ክር አስረህ፣ ቀስ ብለህ ተቀምጠህ፣ ቀስ ብለህ ወርደህ ክሩ የት እንደደረሰ ትለካለህ። ባለ 100 ሚሊሜትሩ ከ20 እስከ 25 ያህል ቢወርድ ደህና ነው። ለ85 ኪሎ ወንድሜ የተስማማው አየር ለእኔ ለ58 ኪሎው ድንጋይ ይሆንብኛል። የአንዱ ልክ ለሌላው መመዘኛ አይሆንም።

እ.ኤ.አ. በ1990 አሜሪካ፣ ዱራንጎ ላይ ግሬግ ሄርቦልድ የቁልቁለቱን የዓለም ሻምፒዮና ሲያሸንፍ ሳይክሉ ሮክሾክስ የተባለው የፊት ሾካብዞርበር ነበራት። ያኔ ገና አዲስ ነገር ነበር፤ አብዛኛው ጋላቢ ምቱን የሚቀበለው በገዛ ክንዱና ጉልበቱ ነበር። ድንጋዩ የሚሰጠው ምት የትም አይጠፋም፤ አንድ ነገር ወይም አንድ ሰው ይቀበለዋል። የእኛ ቤት ኑሮ ለስላሳ የመሰለኝ ምቱን የምትቀበለው እህቴ ስለነበረች ነው።

እዚህ ላይ "እንግዲያው ተንከባከቧት" ብሎ መጨረስ ይቀላል። ለሾካብዞርበሩ ትክክል ነው። አምራቾቹ በየ50 ሰዓት ግልቢያው የታችኛው ክፍል ተፈቶ፣ ጸድቶ፣ ዘይቱ እንዲለወጥ ይመክራሉ፤ የክረምቱን ቀይ ጭቃ ለሚያውቅ ደግሞ ከዚያም ቀደም ይላል። ላቫጆ ወስዶ በግፊት ውሃ ማሳጠብ ውሃውን ጎሚኒው ውስጥ ይከተዋል፤ በደረቅ ጨርቅ መጥረግ ይሻላል። ዘይቱ ሲያረጅ አይጮህም። ስለዚህ እስኪጮህ አይጠበቅም።

ግን ሳይክሌን የምንከባከበው ነገም ልነዳት ነው። እህቴን በዚሁ ሐሳብ "ትረፍ" ካልኩ፣ ነገ የበለጠ እንድትሸከም እያዘጋጀኋት ነው። ይሄ መልካምነት አይደለም፤ ጥገና ነው። ዕረፍት የሚገባት ለነገው ሥራ ብቁ እንድትሆን አይደለም፤ ሰው ስለሆነች ነው። ሾካብዞርበር ደግሞ ጋላቢውን "ውረድ" ማለት አይችልም። እሷ ያን እሁድ ብላናለች፤ ያልሰማናት እኛ ነን።

ስለዚህ ከጥገና በፊት የሚመጣው ጥያቄ "ላዩ ላይ ምን አለ?" ነው። አንዳንዱ ጭነት የእኔ ነበር፤ ወሰድኩት። የታናሻችንን የትምህርት ቤት ነገር አሁን እኔ ነኝ የምከታተለው። ለቀማ ሲደርስም ለሁለት ሳምንት ሄጄ አልጋው ላይ የተሰጣውን ቡና አገላበጥኩ። ወገቤ እንዴት እንደሆነ አልነግራችሁም።

እሁድ ዕለት ቡናውን እኔ አፈላሁት። እህቴ አንዴ ፉት አለችና ሲኒውን አየት አድርጋ "ቀጥኗል" አለችኝ።

ዝም ብዬ ጀበናውን መልሼ ጣድኩ።