ጥላውን ማን ተከለው?

ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ በሚወስደው ጎዳና ላይ የምትገኘው ማንኩሳ በሥነ ጽሑፍ ወዳጆች ዘንድ ስሟ የገነነው፣ ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ታሪኩን ከእርሷ ስለሚጀምር ነው። በዚህ ጽሑፍ የምትነሣው ግን ስለ አንድ የጥላ ዕፅ፣ ስለ ፈርን ሲባል ነው። ፈርን አበባ የለውም፤ ፍሬም ዘርም አያፈራም። የገጠሩ ገበያ ዋጋ አያወጣለትም። እንዲህ ላለ ፍጡር የሰው ልጅ ምን ዕዳ አለበት? ጥያቄው የአትክልተኛ ብቻ ይምሰል እንጂ በመሠረቱ የሥነ ምግባር ጥያቄ ነው።

በምዕራብ ጎጃም ከኅዳር እስከ ሚያዝያ ባሉት ወራት እርሻው ገለባ መስሎ ሲነጣ፣ እርጥበት የሚሰነብተው በወንዝ ዳርና በቤተ ክርስቲያን ደን ውስጥ ነው። ዋንዛው፣ ዶቅማውና ብሳናው ባጠሉበት፣ የዘመናት ቅጠል ረግፎ በበሰበሰበት አፈር ላይ ፈርን ይበቅላል። ውበት ወዳድ የሆነ አንድ መምህር በዚያ ሲያልፍ ዐይኑ አረፈበት እንበል። ከነሥሩ ነቅሎ ወደ ግቢው ይወስደዋል፤ ጉድጓድ አጥልቆ ይተክለዋል። ቅጠሉ በሳምንት ውስጥ ጫፍ ጫፉ ይደርቃል። ውሃ ያነሰው መስሎት ይጨምራል፤ ሥሩ ይበሰብሳል። ቢሞትበት ሌላ ያመጣል። ሰውየው ክፋት የለበትም፤ እንዲያውም በከተማዋ ከእርሱ የበለጠ የፈርን ወዳጅ አይገኝም።

የፈርን እንክብካቤ ሕጉ ጥቂት ነው። አፈሩ በብስባሽ ቅጠል የላላ፣ እርጥብ ሆኖ ውሃ የማይተኛበት ይሁን፤ ቅጠሎቹ የሚነሡበት እምብርት አይቀበር፤ እንደ ቀንድ አውጣ ዛጎል ተጠቅልሎ የሚወጣው አዲስ ቅጠል እስኪዘረጋ አሮጌው አይቆረጥ። ይህ ሁሉ ቀላሉ ነው። ከባዱ ጥላው ነው፤ ዛፍ በአንድ ክረምት አያጠላምና። ስለዚህ ፈርን የሚያሳድግ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚኖረው ሌላ ሰው፣ ምናልባትም ስሙ የተረሳ ሰው፣ ባቆየለት ጥላ ነው። አማርኛ ይህን ያወቀ ይመስላል። ጠባቂ ያጣውን ሰው «ጥላ ከለላ የለውም» ይላል፤ ግርማ የራቀውንም «ጥላ ቢስ» ይለዋል።

የደብሩ አገልጋዮች ስለ ፈርን አስበው አያውቁ ይሆናል። ዛፉን የሚጠብቁት የቦታውን ክብር ብለው ነው። እንግዲህ ፈርኑ ልብ በማይሉት ሰዎች እጅ ይኖራል፤ በሚወደው ሰው እጅ ይሞታል። ይህ የማንኩሳ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ናትናኤል ዋርድ የተባለ የለንደን ሐኪም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1829 በተዘጋ ጠርሙስ ውስጥ ፈርን ሳይታሰብ በቅሎ ካገኘ ወዲህ፣ የመስተዋት ሣጥን የእንግሊዛውያን ሳሎን ጌጥ ሆነ፤ ፈርን መሰብሰብም እንደ ወረርሽኝ ተዛመተ። ኪላርኒ ፈርን የሚባለው ዝርያ ከብዙ መኖሪያው የጠፋው በወዳጆቹ እጅ ነው።

ከዚህ ተነሥቶ «አለመንካት ይበቃል» የሚል ቢኖር ግን ተቻኩሏል። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ እሸቴ በደቡብ ጎንደር 28 የቤተ ክርስቲያን ደኖችን መርምረው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2007 ባቀረቡት ጥናት፣ ከብት በሚገባበት ደን ችግኝ ለማደግ እንደሚቸገር አሳይተዋል። ከዚያ ወዲህ በበርካታ ደኖች ዙሪያ የድንጋይ ካብ ተሠርቷል። መከበር ያለ ካብ አልበቃም ማለት ነው።

ሌላው ክርክር ከኑሮ ይመነጫል። በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ወደ አገራችን የገባው ባሕር ዛፍ ለብዙ የጎጃም ገበሬ እንደ ተቀማጭ ገንዘብ ነው፤ ልጅ ለማስተማር፣ ቤት ለማቆም ይቆረጣል። ተጠጋግቶ በተተከለ ባሕር ዛፍ ሥር ሌላ ዕፅ እንደ ልቡ አይበቅልም። ቢሆንም ገበሬውን ስለ ፈርን ብሎ መውቀስ ጥጋብ ነው። (የከተማ ባለቅኔ በዚህ ስሕተት ደጋግሞ ይወድቃል።) ገበሬው የሚቆርጠው ለችግሩ ነው፤ መምህሩ የነቀለው ለደስታው ነው። ከሁለቱ ይበልጥ መጠየቅ ያለበት ባለ ደስታው ነው፤ ምክንያቱም እርሱ ሌላ መንገድ አለው።

መንገዱም ይህ ነው። በበሰለ የፈርን ቅጠል ጀርባ ቡናማ ነጠብጣብ ይታያል። አንዲት ቅጠል ብቻ ቆርጦ በነጭ ወረቀት ላይ ቢያኖራት በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ የቡና ዱቄት የመሰለ ትቢያ ታራግፋለች። ትቢያው በፈላ ውሃ በጸዳ አፈር ላይ ተነስንሶ፣ በመስተዋት ተከድኖ፣ ከፀሐይ ርቆ ሲቀመጥ ከሳምንታት በኋላ አረንጓዴ ሻጋታ መሳይ ነገር ያወጣል፤ ከዚያም ጥፍር የማያህሉ ልብ መሳይ ቅጠሎች ይታያሉ። የወንዴው ሕዋስ ወደ ሴቴው የሚደርሰው በውሃ ዋኝቶ ነውና አፈሩ መድረቅ የለበትም። እውነተኛው ፈርን ከእነዚህ ልቦች ሥር ብቅ እስኪል ወራት ያልፋሉ። መምህሩም እስከዚያው ሥራ አይፈታም፤ በግቢው ጥግ የዋንዛ ችግኝ ተክሎ ያጥራል። እናቲቱ ፈርን አንዲት ቅጠል ጎድሏት በዚያው በደኑ ውስጥ ናት።