መጠኑ የታወቀ ጉዳት፦ የጨረር ሐኪም ሙያና የሕሊና ጥያቄ

የጨረር ሕክምና ስፔሻሊስት አስቀድሞ ጠቅላላ ሐኪም ነው። በሬዚደንሲ ዓመታት የዕጢዎችን ባሕርይ፣ የጨረር ፊዚክስንና ጨረር በሕዋስ ላይ የሚያደርሰውን ይማራል። በኢትዮጵያ ይኸው ሐኪም በአብዛኛው ኬሞቴራፒም ያዝዛል። በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ1997 በኮባልት 60 ማሽን የተጀመረው የጨረር ሕክምና አገልግሎት ለብዙ ዓመታት በአገሪቱ ብቸኛው ነበር።

ከሥልጠናው ሁሉ የሚከብደው መጠንን ማወቅ ነው። ጨረር ዕጢውን ከጤነኛው አካል አይለይም፤ የሁለቱንም ዲኤንኤ ይሰብራል። ጤነኛው ሕዋስ ግን ቁስሉን በመጠገን በአብዛኛው ይሻላል። በዚህ ምክንያት ሕክምናው በየቀኑ 2 ግሬይ (የጨረር መጠን መለኪያ) ያህል እየተከፈለ ሳምንታት ይወስዳል። በዚህ አከፋፈል ህብለ ሰረሰር ከ45 እስከ 50 ግሬይ በላይ እንዳያገኝ ይጠበቃል፤ ካለፈ ሽባነት ሊከተል ይችላል። ሐኪሙ የሚፈርምበት ዕቅድ እያንዳንዱ ጤነኛ አካል ምን ያህል ጨረር እንደሚያገኝ አስቀድሞ በቁጥር ያስቀምጣል።

ታዲያ ጉዳቱን በቁጥር እያወቀ የፈረመ ሰው «ጉዳቱን አላሰብኩትም» ሊል ይችላል? በ13ኛው ክፍለ ዘመን ቶማስ አኩዊናስ ራስን ስለመከላከል ሲጽፍ፣ አንድ ድርጊት ሁለት ውጤት ሊኖረው እንደሚችልና ፍርዱ የታሰበውን ውጤት እንደሚከተል አስተምሯል። ከሚያስፈልገው በላይ ኃይል መጠቀም ግን እንደማይፈቀድ አክሏል። ለጨረር ሐኪም ይህች ጭማሪ ከዋናው ትምህርት ትበልጣለች። ቅን ሐሳብ አለኝ ማለት ለማንም ቀላል ነው፤ መጠን ግን በወረቀት ላይ ስለሚሰፍር ሌላ ሰው ሊመረምረው ይችላል።

ለምሳሌ ካንሰር ወደ አጥንት ተሰራጭቶ ሲያሠቃይ፣ በአንድ ቀን የሚሰጥ 8 ግሬይ ሕመሙን በማስታገስ በ10 ቀን ከሚከፈል 30 ግሬይ እንደማያንስ ጥናቶች አሳይተዋል፤ ሕክምናውን መድገም የሚያስፈልገው ግን አጭሩን በወሰዱት ላይ ይበዛል። ቢሆንም ከክፍለ ሀገር መጥቶ አዲስ አበባ ቤት ለተከራየ ሕመምተኛ ያለ በቂ ምክንያት ረጅሙን ማዘዝ፣ ጨረሩ ባይጎዳው እንኳ በቀኖቹ ይጎዳዋል።

መጠኑን ሕመምተኛውም ሊያዛባው ይችላል። ሕክምናውን አቋርጠው ጸበል የሚሄዱ አሉ። በማኅፀን በር ካንሰር ሕክምናው ሲጓተት የተረፉት የዕጢ ሕዋሳት እንደገና ስለሚባዙ የመዳን ዕድል ይቀንሳል። ጸበልን መንቀፍ ለሐኪሙ አይጠቅመውም፤ አያስፈልገውምም። መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 38 ሐኪምን ማክበርንና ጸሎትን አጣምሮ ያስተምራል። የሚቀረው ቀኖቹን ማስማማት ነው። ማሽኑ በማይሠራባቸው ቅዳሜና እሑድ ጸበል መጠጣት ወይም መረጨት ይቻላል፤ ለጨረሩ አቅጣጫ በቆዳው ላይ የተሠመረው ምልክት እንዳይለቅ ግን ቦታው መታሸት የለበትም።