የተሰረቀ ደብዳቤ አንባቢ

እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2014 ሰርጎ ገቦች የሶኒ ፒክቸርስን ኮምፒውተሮች ሰብረው ገቡ። ኤፍ.ቢ.አይ ድርጊቱ የሰሜን ኮሪያ መንግሥት ነው አለ። የኃላፊዎቹ የግል ኢሜይሎች በየጋዜጣው ወጡ፤ ሕዝቡም አነበበ፣ ሳቀ፣ ፈረደ። በ2015 ደግሞ ዊኪሊክስ ከ170,000 በላይ ኢሜይሎችን ማንም እየፈለገ እንዲያነብ አደረገ።

ንባቡ ጥቅም አልነበረውም ማለት አይቻልም። ሴት ተዋንያን በአንድ ፊልም ከወንዶቹ ያነሰ ድርሻ እንደተከፈላቸው ታወቀ፤ ጄኒፈር ላውረንስም በኋላ ስለዚሁ በአደባባይ ጻፈች። በዚያው ክምር ውስጥ ግን ምንም ያላጠፉ ሠራተኞች የሕክምና መረጃና የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥርም ነበር።

ብዙዎች «አንዴ ወጥቷል፤ እኔ ባላነበው ምን ይለወጣል?» ይላሉ። እንደ መሐንዲስ የማውቀው፣ የይለፍ ቃል የሚጠብቀው በሩን ብቻ መሆኑን ነው። በሩ ከተሰበረ በኋላ የሚቀረው ጠባቂ የአንባቢው ሕሊና ነው። ሊያዋርድ የሰረቀ ሰው ያለ ተመልካች ዓላማው አይሞላለትም። ሱረቱል ሑጁራት የሰውን ምስጢር መሰለልንና ሐሜትን በአንድ አንቀጽ አከታትሎ መከልከሉን እዚህ ላይ እናስታውስ።

ስለዚህ ከማንበባችን በፊት አንድ ጥያቄ እንጠይቅ፦ ይህን ማወቄ ከማን ላይ በደል ያነሣል? የደመወዙ ጉዳይ መልስ አለው። ሰው በምስጢር የጻፈው ሐሜትና ቀልድ ግን ብዙ ጊዜ መልስ የለውም። ነገ የአንድ ጓደኛችሁ የግል መልእክት በዋትሳፕ ግሩፕ ሲደርሳችሁም ጥያቄው ይኸው ነው። ወላሁ አዕለም።