የቢሮው ጸጥታ የማን ሐቅ ነው?



በቅርቡ ለአንዲት ፊርማ ስል በአንድ መሥሪያ ቤት ኮሪደር ላይ ከጧቱ ሦስት ሰዓት እስከ ስድስት ሰዓት ቆይቻለሁ። ለባለጉዳይ የተዘጋጀው አንድ አግዳሚ ወንበር ነው፤ እሱም አራት ሰው ከያዘ ሞልቷል። የቀረነው ግድግዳ ተደግፈን ቆመናል። ከመካከላችን ሰባ ዓመት ሳይሞላቸው የማይቀር አንዲት እናት ነበሩ። ወጣቶቹ ተነሥተው ቦታ ለቀውላቸዋል። ነገር ግን ተራቸው ያልፋቸው እየመሰላቸው «ጠሩኝ እንዴ?» እያሉ ወደ በሩ ስለሚሄዱ፣ ሲመለሱ ወንበሩ ተይዞ ያገኙታል። የጥበቃው ሠራተኛ «እማማ፣ ይታገሡ፣ ስብሰባ ላይ ናቸው» ይላቸዋል።

በሩ በተከፈተ ቁጥር ውስጡ ይታየናል። ምንጣፍ አለ፣ መጋረጃ አለ፣ የቡና ፔርሙስ አለ፣ መስኮቱ ሥር አረንጓዴ ተክል አለ። ቀዝቀዝ ያለ አየር ብቅ ይልና በሩ ሲዘጋ ይቀራል። በሩ ላይ «ጸጥታ ይከበር» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ደጋግሜ ሳነበው አንድ ጥያቄ መጣብኝ። ይህ አክብሩ የተባልነው ጸጥታ የማን ነው? ውስጥ የተቀመጡት ሰው የግል ምቾት ነው ወይስ እኛም ድርሻ አለን?

እግሩ የደከመ ሰው መልሱን ፈጥኖ ይሰጣል። እኔ ግን ለመፍረድ የሚያሳፍረኝ ነገር አለ። ለብዙ ዓመታት ከጠረጴዛው ወዲያ ማዶ የተቀመጥኩት እኔ ነበርኩ። ስምንት ሆነን በአንዲት ክፍል እንሠራለን። የክፍሉ ስልክ ያለው እኔ ጠረጴዛ ላይ ነው፤ የሰባቱንም ሰው ጥሪ የማነሣው እኔ ነኝ። አንዱ ስለ እቁቡ ይከራከራል፤ ሌላዋ ከባለጉዳይ ጋር ትጯጯኻለች። በዚህ መሐል የአንድ አዛውንት የጡረታ ሒሳብ ስሠራ አንዲት አኃዝ አዛነፍኩ። ስህተቱ የታወቀው ከወራት በኋላ፣ ሰውየው ጎድሎ የተከፈላቸውን ቆጥረው ሲመጡ ነው። ዐውፍ ብለውኛል፤ አላህ ይስጣቸው። ሆኖም በእነዚያ ወራት ከቤታቸው የጎደለውን እኔ አላውቀውም። በዚያ ክፍል ውስጥ ለጸጥታው መጥፋት ዋጋ የከፈሉት ክፍሉን አይተውት የማያውቁ ሰው ናቸው።

ነብዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ዳኛ ተቆጥቶ ሳለ በሁለት ሰዎች መካከል እንዳይፈርድ መከልከላቸውን ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበዋል። ዑለሞች ክልከላውን በቁጣ ላይ ብቻ አላቆሙትም። ረሃብን፣ ጥማትን፣ ከባድ ሙቀትንና ብርድን፣ እንቅልፍን፣ ሌላው ቀርቶ ሽንት መያዝን ጨምረውበታል። ልብን ከጉዳዩ የሚያናጥብ ሁሉ በአንድ መዝገብ ገባ ማለት ነው። እዚህ ላይ ልብ እንበል። ዳኛው ይብላ፣ ይረፍ፣ ይረጋጋ የተባለው እንዲደላው ተብሎ አይደለም። ፊቱ የቆሙት ሁለት ሰዎች ሐቅ በእሱ መረጋጋት ላይ ስለተንጠለጠለ ነው።

የዘመኑ ምርምርም ከዚህ አይርቅም። ጋሪ ኢቫንስና ዳና ጆንሰን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2000 ባሳተሙት ጥናት አርባ ሴት የጽሕፈት ሠራተኞችን ለሁለት ከፍለው፣ አንዱን ቡድን ጸጥ ባለ ክፍል፣ ሌላውን የተለመደ የቢሮ ድምፅ በሚሰማበት ክፍል ለሦስት ሰዓት አሠሩ። ድምፅ የነበረባቸው «ተጨንቀናል» አላሉም። በሽንታቸው የተለካው የጭንቀት ሆርሞን ግን ከፍ ብሎ ተገኘ። ከዚያ በኋላ እንቆቅልሽ ሲሰጣቸው ደግሞ ከሌሎቹ ቀድመው ተስፋ ቆረጡ። እኔን ያስደነገጠኝ ይህ የመጨረሻው ነው። ከሦስት ሰዓት ጫጫታ በኋላ ወደ ጠረጴዛው የሚቀርበው ባለጉዳይ ከዚያ እንቆቅልሽ በምን ይለያል? «ነገ ይምጡ» የሚባለው ስንት ጊዜ በክፋት ነው፣ ስንት ጊዜስ የተሰላቸ አእምሮ ተስፋ ቆርጦ ነው?

እንግዲያው በሩ ይዘጋ? ጸጥታው ለባለጉዳዩም የሚጠቅም ከሆነ ባለሥልጣኑ መጋረጃውን ጋርዶ ቢቀመጥ ምን አለበት? ይህ ሙግት አዲስ አይደለም። ኩፋ በ17ኛው ዓመተ ሂጅራ ስትቆረቆር አሚሯ ሰዕድ ኢብኑ አቢ ወቃስ (ረ.ዐ) ነበሩ። መኖሪያቸው ከገበያው አጠገብ ስለነበር የሻጭና የገዢው ጩኸት መነጋገር እስኪከለክላቸው ድረስ ያስቸግራቸው ነበር ይላል ጦበሪ። ስለዚህም ለሕንፃው በር አበጁ። ወሬው መዲና ደረሰ። ሰዕድ ጩኸቱን አስታግሱልኝ አሉ፣ ቤቱም የሰዕድ ቤተ መንግሥት ተባለ የሚል ነበር። ኸሊፋው ዑመር ኢብኑል ኸጣብ (ረ.ዐ) ሙሐመድ ኢብኑ መስለማን ላኩ፤ እሳቸውም ኩፋ ገብተው ማገዶ ገዙና በሩን አቃጠሉት። ከዑመር በተላከው ደብዳቤ ደግሞ ሰዕድ ከግምጃ ቤቱ ቀጥሎ ባለው ቤት እንዲኖሩና እሱን እንዲቆልፉት፣ ሕዝብን ከመግባት የሚያግድ በር ግን እንዳያኖሩ ታዘዙ።

ሰዕድ ተባሉ የተባለውን እንዳልተናገሩ ማሉ። ዑመርም አመኗቸው። በሩ ግን አልተመለሰም። የታሪኩ ቁም ነገር እዚህ ላይ ያለ ይመስለኛል። ጥፋቱ የሰውየው ክፉ ልብ ቢሆን ኖሮ መሐላው በሩን ባስመለሰ ነበር። ሰዕድ ከታላላቅ ሶሐቦች አንዱ ናቸው፤ ጩኸቱም እውነተኛ ጩኸት ነበር። ሆኖም ጸጥታው የተገኘው ሕዝቡን ውጭ በመተው ስለነበር አልተፈቀደም። ግምጃ ቤቱ ይቆለፍ ተብሏል፤ የሚጠበቅ አማና አለበትና። ሰው ግን አይቆለፍበትም።

«ሁሉም ዘው ብሎ ከገባ ማን ይሠራል?» የሚሉኝ እንደሚኖሩ አውቃለሁ። እውነት ነው፣ አይሠራም። እኔ ግን በዚያ ኮሪደር ላይ ጩኸቱ ከየት እንደሚመጣ ለሦስት ሰዓት ስመለከት ነበር። የሚጮኸው ተራው መቼ እንደሚደርስ ያላወቀው ነው። በሩን የሚያንኳኳው ትናንት ነገ የተባለው ነው። እናቲቱን አሥር ጊዜ ያስነሣቸው በእጃቸው የተራ ቁጥር አለመኖሩ ነው። ከጩኸቱ የሚበዛውን መሥሪያ ቤቱ ራሱ ያመርተውና መልሶ «ጸጥታ ይከበር» ብሎ ይለጥፍበታል። ተራ ቁጥር የተጻፈባት ቁራጭ ወረቀት፣ ሁለት ተጨማሪ አግዳሚ፣ ስብሰባው በስንት ሰዓት እንደሚያልቅ የሚናገር አንድ ሰው ቢኖር ኖሮ ኮሪደሩ በራሱ ጊዜ ዝም ባለ ነበር።

ጸጥታ ሁሉ ደግሞ ሰኪና አይደለም። አለቃው ሲገባ እስክሪብቶ እንኳ የማይሰማበት ቢሮ አውቃለሁ፤ ያ ፍርሃት ነው። አነስ (ረ.ዐ) ነብዩን (ሰ.ዐ.ወ) አሥር ዓመት አገልግለው አንድ ቀን «ኡፍ» እንዳላሏቸው ተናግረዋል። የእኛ አለቆች በአንድ ጧት ስንት ጊዜ ይላሉ? ሦስት ሰዎች ባሉበት ሁለቱ ሦስተኛውን ትተው እንዳይንሾካሾኩ መከልከሉም ከዚሁ ጋር ይሄዳል፤ ሹክሹክታ ጆሮ አያደነቁርም፣ ልብ ግን ያውካል።

እኛኑ የሚነካ አንድ ነገርም ሳልናገር አልለፍ። አንዳንዶቻችን ቢሮ ውስጥ ከስልካችን ቁርኣን ከፍ አድርገን እንከፍታለን። አጠገባችን ያለው ሒሳብ እየደመረ ነው። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) በመስጊድ ውስጥ ኢዕቲካፍ ላይ ሳሉ ሰዎች ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ሲቀሩ ሰምተው፣ በቂርኣት አንዱ በሌላው ላይ ድምፁን ከፍ እንዳያደርግ መናገራቸውን አቡ ዳውድ ዘግበዋል። ይህ የተባለው በመስጊድ ነው፣ ለቂርኣት ነው። ይህን ሳነሣ ቅር የሚላቸው ወንድሞች አሉ፤ ሐዲሱን ግን እኔ አላመጣሁትም።

ወደ ፊርማዬ ልመለስ። ስድስት ሰዓት ሊሆን ሲል ጸሐፊዋ ወጥታ «ጋሼ፣ እርስዎ ይግቡ» አለችኝ። ለምን እኔ እንደሆንኩ አላውቅም፤ ምናልባት ኮት ስለለበስኩ ይሆናል። ውስጥ ያሉት ሰውዬ ገና ወጣት ናቸው፤ ዓይናቸው በድካም ቀልቷል፤ ጠረጴዛቸው ላይ ፋይል ተከምሯል። በደንብ ተቀብለውኝ በሁለት ደቂቃ ፈረሙልኝ። ስወጣ እናቲቱ ከበሩ አጠገብ ቆመው «አለቀልህ ልጄ? አልሐምዱሊላህ» አሉኝ። ውስጥ ሳለሁ ስለ እሳቸው ልናገር እችል ነበር። በዚያ ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ ስገባ ግን ረስቻቸው ነበር።