ደግነትና መጠን

«የሰው ልቡ ቅን ከሆነ ሥራውም መልካም ነው» የሚሉ አሉ። እኔ ግን፥ ወጣት አንባቢ ሆይ፥ ቅንነት ብቻውን አይበቃም እላለሁ። ለዚህም ምስክር አድርጌ የማቀርበው የመድኃኒትን ነገር ነው፤ መድኃኒት የሰጪውን ልብ አይቶ ሥራውን አይለውጥምና።

የምንውጠው ክኒን በሆድ ውስጥ ይሟሟል፤ ከአንጀትም ወደ ደም ያልፋል። ደሙ አስቀድሞ ወደ ጉበት ያደርሰዋል፤ ጉበትም ከፊሉን ይለውጠዋል። የቀረው በአካል ሁሉ ይዞራል፤ ቁልፍ ከገዛ ጓጉንቸሩ ጋር እንዲገጥም፥ እርሱም ከሚስማማው ስፍራ ሲደርስ ሥራውን ይሠራል። በመጨረሻም ጉበትና ኩላሊት ያስወግዱታል። ሐኪም «በየስምንት ሰዓቱ ዋጥ» ማለቱ እንግዲህ በከንቱ አይደለም፤ በደም ውስጥ ያለው መድኃኒት ከሚያድንበት ልክ እንዳይወርድ፥ ከሚጎዳበትም ልክ እንዳያልፍ ብሎ ነው።

አባቶቻችንም የመጠንን ነገር ያውቁ ነበር። በጉራጌ አገር ክትፎ የተከበረ ምግብ ነው፤ ነገር ግን ከጥሬ ሥጋ ጋር የኮሶ ትል ሊገባ ይችላል። ስለዚህ የኮሶን ዛፍ አበባ አድርቀው፥ ፈጭተው፥ በውሃ በጥብጠው በባዶ ሆድ ይጠጡ ነበር። ይህ መድኃኒት በ19ኛው ምዕተ ዓመት እስከ አውሮፓ ፋርማሲዎች ደርሷል። አበባው ሲያንስ ትሉን አያወጣም፤ ሲበዛ ደግሞ ጠጪውን ይጎዳል፥ እስከ መግደልም ይደርሳል። ዛፉ አንድ ሲሆን አንዱን መድኃኒት፥ ሌላውን መርዝ የሚያደርገው መጠኑ ነው። ማር ሲበዛ ይመራል ይባል የለምን?

ባስተማርሁባቸው በወልቂጤና በቡታጅራ ጎረቤት ጎረቤቱን ሳይጠራ ቡና አይጠጣም። ይህ ያማረ ልማድ ነው። ነገር ግን ይኸው ደግነት መጠኑን ስቶ «ከሕመሜ የተረፈ ክኒን አለኝ፤ ለልጅሽ ስጫት» ሲል ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ። ለአዋቂ የተለካው ለሕፃን አካል ይበዛል፤ ለአንዱ በሽታ የታዘዘውም ለሌላው አይሠራም። ደግሞስ ክኒኑ ስለ ምን ተረፈ? ሰጪው ሻል ሲለው ስለ ተወው አይደለምን?

ፔኒሲሊንን ያገኘው አሌክሳንደር ፍሌሚንግ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1945 የኖቤል ሽልማት ሲቀበል ስለዚህ ነገር አንድ ምሳሌ ተናግሮ ነበር። ጉሮሮውን የታመመ ሰው ፔኒሲሊን ገዝቶ ከሚበቃው አሳንሶ ወሰደ። ተሕዋስያኑም ሳይሞቱ መድኃኒቱን መቋቋም ለመዱ። ከዚያም ወደ ሚስቱ ተላለፉ፤ እርሷ በፔኒሲሊን ብትታከም ሊያድናት አልቻለም፥ ሞተች። ፍሌሚንግ ለሞቷ ተጠያቂው ማን እንደ ሆነ ሰሚዎቹን ጠየቀ። ባልዋ ክፉ ሰው አልነበረም፤ መጠን ያጓደለ ሰው ነበር እንጂ።

ዛሬም የሳንባ ነቀርሳ የተለመደው ሕክምና 6 ወር ይፈጃል፤ በሽተኛው ግን ጥቂት ሳምንት እንደ ወሰደ ይሻለዋል። «ድኛለሁ» ብሎ ቢተወው መድኃኒቱን የተቋቋሙት ተሕዋስያን ይተርፋሉ፤ በሳሉም ምንም ላልበደለ ጎረቤቱ ያወርሰዋል። እንግዲህ «አካሌ የራሴ ነው፤ ብተወውስ ማንን እጎዳለሁ?» ማለት እውነት አይደለም።

ምናልባት አንዱ «ጤና ጣቢያው ሩቅ፥ መድኃኒቱ ውድ ሲሆን፥ ልጅ በትኩሳት ስትቃጠል እያየሁ በእጄ ያለውን ልከልክላትን?» ይለኝ ይሆናል። ጥያቄው ከባድ ነው፤ የሚጠይቀውንም ሰው አልነቅፍም። ነገር ግን ያልታወቀ ክኒን መስጠት ለሰጪው ልብ ዕረፍት ይሆናል እንጂ ለልጅቱ መዳን መሆኑ አይታወቅም። ከዚህ ይልቅ ልጅቱን ተሸክሞ ይሂድ፤ የመኪና ዋጋ ያዋጣ፤ እናቲቱ ስትሄድ ቤቷን ይጠብቅላት። ይህ ከክኒኑ ይልቅ ይከብዳል፤ ነገር ግን ደግነት የሚፈተነው በሚከብደው ነው።

ስለዚህ፥ ልጆቼ፥ ለሰው በጎ ልታደርጉ ስትነሡ ልባችሁን ብቻ አትጠይቁ፤ ልኩን የሚያውቀውንም ጠይቁ።